ሰልዋ የሳለችው ጎርፍ

ቆቦ፣ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለራዊያ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላህ። እናትሽ ደህና ናት፤ ጉልበቷን ብቻ ያማታል። የምጽፍልሽ ነገር በስልክ የሚነገር ስላልሆነ፣ ወረቀቱን አዳማ ለሚሄደው ለታሂር ሰጥቼዋለሁ።

የሠራሽውን ሶፍትዌር ሞከርኩት። እንዳልሽኝ የአሥረኛ ክፍል ልጆችን ስለ ጎርፍ የሐሳብ ካርታ አሣልኳቸው፤ ቃላት በሳጥን፣ በመካከላቸው ቀስት፣ ቀስቱ ላይ ግንኙነቱን የሚናገር ግሥ። ግማሾቹ ግሡን ትተው ቀስት ብቻ ደረደሩ። ሦስት ጊዜ አስቀደድኳቸው። ሶፍትዌሩ የልጆቹን ሥራ እያወዳደረ የሚያርምበትን ካርታ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ «ጎርፍ አፈርን ጠርጎ ይወስዳል፣ ሰብልን ያጠፋል» ብዬ። መጽሐፉ እንደዚያ ይላል፤ ሃያ ስምንት ዓመት ያስተማርኩትም ይህንኑ ነው።

ከሮቢት በታች የምትመጣ ሰልዋ የምትባል የገበሬ ልጅ ግን «ጎርፍ አፈርን ያመጣል፣ ማሽላን ያበቅላል» ብላ ሳለች። ሶፍትዌሩ ቀስቶቿን በሙሉ ቀይ አደረጋቸው። ከመቶ ዐሥራ ስድስት። እኔም ክፍሉ ፊት አነበብኩት።

«ጎርፍ ነው እንዴ የሚያጎርስሽ?» አልኳት። ሁሉም ሳቁ።

«ታዲያ ቲቸር፣ ካልመጣማ ምን እንበላለን?»

«ተቀመጪ፣ ደፋር!»

አባቷ አህመድ ድሮም «ትምህርቱ ካልሆነላት እንደ እህቷ ዐረብ አገር ትሂድ» ይል ነበር። የፈረምኩበት ውጤት ሲደርሰው ነገሩ አለቀ። ከደላላ ጋር በአፋር በኩል ወጣች። ከጅቡቲ አንዴ ደወለች። ከዚያ ወዲህ ሃያ ሦስት ቀን ድምጿ የለም።

ባለፈው እሑድ ካርታዋን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ጥፋቱ የሶፍትዌሩ ነው ልል አስቤ ነበር። አህመድ ማንበብ ስለማይችል አነበብኩለት። ሰምቶኝ ሲያበቃ፣

«እና ምኑ ነው ስሕተቱ?» አለኝ።

ማሳው ውስጥ አስገብቶኝ ዱላውን መሬቱ ላይ ሰካው፤ ግማሹ ገባ። «ይህ ሁሉ አፈር ከደጋ የመጣ ነው። ጎርፉን ጠልፈን ወደ ማሳው የምናስገባው እኛ ነን። እሷም ከልጅነቷ ስትጠልፍ ነው ያደገች።»

«ታዲያ ለምን መጥተህ አልነገርከኝም?»

«የተማርከው አንተ ነህ፣ መምህር። ያንተ ወረቀት አይሳሳትም ብዬ።»

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ራዊያ፣ ሶፍትዌርሽ ያወዳደረው ከሰጠሁት ጋር ነው። አንድ ነገር ግን ጨምሪበት፤ ቀይ ከማድረጉ በፊት ልጁን «ለምን?» ብሎ ይጠይቅ። እኔ አልጠየቅኳትም። አንቺንም፣ ሕክምናውን ትተሽ ኮምፒውተር ስትመርጪ፣ ሁለት ዓመት አኮረፍኩሽ እንጂ ለምን ብዬ አልጠየቅኩሽም።

መዝገቡ ላይ መቶ ብዬ አረምኩላት። ርዕሰ መምህሩ «ለማን ብለህ?» አለኝ።

ካርታዋ ከዚህ ጋር አለ። እንዳይጠፋብሽ።

አላህ እሷን ከባሕሩ ያውጣት። ከምላሴ የተረፍሽውን አንቺንም ይጠብቅልኝ።

አባትሽ
ሙንተሲር