የሐጂ ኑሩ ቀለም፦ በግራም ወይስ በሚሊ ሊትር

ሰኞ፣ ግንቦት 4፤ ከሰዓት 10፡30

የሥጋ ቤቶቹን ሚዛን ጨርሻለሁ። ስድስት ሚዛን፣ አንዱ ውሸታም። እጄ አሁንም ጮማ ጮማ ይላል። ቢሮ ስመለስ ጠረጴዛዬ ላይ አዲስ አቤቱታ። አለቃዬ እየሳቀ ነው ያቀበለኝ። በይ እስቲ ይችን ፍረጂ አለኝ።

ደብተሬ፣ በንግድ ጽ/ቤቱ በዚህ የሚዛን ቁጥጥር ሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። የበርበሬውን፣ የዘይቱን፣ የድንቹን ጭቅጭቅ ለምጄዋለሁ። ይሄን ግን አላየሁም። የብዕር ቀለም መሸጥ ያለበት በሚዛን ነው ወይስ በመለኪያ? ይኸው ነው ጥያቄው። ሁለት ገጽ ሙሉ! አመልካች መ/ር ይስማው፤ ጡረታ የወጡት፣ እኔን ከታች ክፍል ጀምሮ ያስተማሩኝ። ተከሳሽ ሐጂ ኑሩ፤ ባለ ጽሕፈት መሣሪያ ሱቁ።

በዚህ ከተማ እስካሁን ቀለም በሚሞላ ብዕር የምንጽፍ አሥር ሰው ብንሆን ነው። አንዷ እኔ ነኝ። ይችን የምጽፍባትን ብዕር የሸለሙኝ መ/ር ይስማው ናቸው፤ ስምንተኛ ክፍል፣ በእጅ ጽሕፈት አንደኛ ወጥቼ። ቀለሙ የሐጂ ኑሩ ነው። እንዲህ ሆኜ ምን ዓይነት ዳኛ ልሆን ነው? ለአለቃዬ ነገርኩት። ሌላ ሰው የለኝም አለ፤ ወደ ሻዩ ተመለሰ።

አቤቱታው ራሱ ያስጠላል። የመ/ር ይስማው ያ ውብ ጽሕፈት ተንጋዷል፤ መስመር በመስመር ላይ ወጥቷል። በንዴት የተጻፈ ነው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5፤ ጠዋት 4፡00

ሐጂ ኑሩ ሱቅ ሄድኩ። ከበሩ አጠገብ ያለችው አግዳሚ ባዶዋን ናት። እሷን ባዶ አይቼ አላውቅም። ከሰዓት ከሰዓት ሐጂና መ/ር ይስማው እዚያ ተቀምጠው ሲከራከሩ ነው ያደግሁት። ስለ ዝናብ፣ ስለ ሬዲዮ ዜና፣ ስለማይመለከታቸው ሁሉ። ሦስት ሳምንት ሆናቸው አሉ፣ ከተኮራረፉ።

ሐጂ አሠራራቸውን አሳዩኝ። ቀለሙ ከአዲስ አበባ በትልቅ ጠርሙስ ይመጣል። ገዢው ባዶ ብልቃጡን ይዞ ይመጣል፤ የመድኃኒት፣ የሽቶ፣ ያገኘውን። ባዶውን መዝነው ይቀንሳሉ፤ ከዚያ እያንጠባጠቡ ይሞላሉ። በስሪንጅ ለምን አይለኩም? አረፋ ይይዛል፣ ግድግዳው ላይ ይቀራል፣ ደግሞ እኔ ሐኪም ነኝ እንዴ አሉኝ። ሚዛናቸውን ፈተሽኩ። ልክ ነው፤ ንቅንቅ አይልም።

እሳቸውን ያቃጠላቸው ግን የሚዛኑ ነገር አይደለም። አቤቱታው ሁለተኛ ገጽ ላይ ቀለሙ ውኃ ተጨምሮበታል ይላል። በሚዛን የሚሸጠው ይህን ለመደበቅ ነው፣ ውኃም ይመዝናላ ይላል። ሐጂ ይህን ሲያነቡ መነጽራቸውን አውልቀው አስቀመጡት። ይስማው ነው እንዲህ ያለኝ? አሉ። ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ።

ፈቃዳቸው የሚታደሰው በዚሁ ወር ነው። ይህ አቤቱታ ካልተዘጋ አይታደስም። ኤዲያ!

ሐሙስ፣ ግንቦት 7፤ ከሰዓት 11፡00

መ/ር ይስማው ቤት ነበርኩ። ምነው ባልሄድኩ።

ገና ከመቀመጤ ጠየቁኝ። ሦስተኛ ክፍል ምን ብዬ ነው ያስተማርኩሽ? ጠጣር በኪሎ፣ ፈሳሽ በሊትር አልኳቸው። በቃ፣ ምን ትመረምሪያለሽ አሉ። ማር ፈሳሽ ሆኖ በኪሎ አይደል የሚሸጠው አልኩ። ማር ማር ነው አሉ። የሊቁ መምህሬ መልስ ይኸው ነው! ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት።

ቀጥሎ ግን ወደ ዋናው ነገር መጡ። በየዓመቱ ሰኔ ላይ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን ስም ሰርተፍኬቱ ላይ በእጃቸው የሚጽፉት እሳቸው ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ የቀረቻቸው ሥራ እሷ ናት። ዘንድሮ ት/ቤቱ በኮምፒውተር ይታተም ማለት ጀምሯል። ርእሰ መምህሩ አንድ የመጨረሻ ዕድል ሰጥቷቸዋል፤ ናሙና ጽፈው ያሳያሉ። እና በዚህ ቀለም እንዴት ብዬ ላሳይ አሉ። ናሙናውን ዘረጉልኝ። ይኸው እይው፣ የሻይ ውኃ መስሏል፣ አይደል? አይደል የሺ?

እኔ ያየሁት ጥቁር ነው። ጥቁር! ግን ዓይናቸው እኔ ላይ ነው። ፊደል ያስቆጠረኝን ሰው በገዛ ቤቱ አይደለም ልበለው? አዎ ሳሳ ብሏል መምህር አልኩ። እንደው ለአፌ፣ ላስደስታቸው ብዬ። ምርቃታቸውን ተቀብዬ ወጣሁ።

ዓርብ፣ ግንቦት 8፤ ከሰዓት 8፡20

ወይ የእኔ ነገር!

ጠዋት ማልደው መጥተው ተጨማሪ ማመልከቻ አስገብተዋል። የጽ/ቤቱ ባለሙያ በዓይኗ አይታ ቀለሙ የሳሳ መሆኑን አረጋግጣልኛለች ይላል። ስሜ ከነአባቴ ተጽፏል። አለቃዬ አንብቦ የሐጂን ፈቃድ ይታገድ ብሎ ፈረመበት። እኔ ጋ እንኳን አልመጣም። ምን ብሎ ይመጣል፣ አረጋግጫለሁ እኮ።

ለአለቃዬ ላስረዳው ሞከርኩ። በይሉኝታ ነው ያልኩት አልኩት። መንግሥት በይሉኝታ አይሠራም አለኝ። እሱ ይህን ሲል ሳልስቅ መቻሌ ራሱ ትዕግሥት ነው። ግን እኔ ማንን ልቆጣ? ሥጋ ቤቶቹን ለሃያ ግራም አስጨንቄ፣ ራሴ በአንድ ቃል ሰው አሳገድኩ።

ምሳ ሰዓት በሐጂ ሱቅ አለፍኩ። ትልቁ ጠርሙስ ከመደርደሪያው የለም። ሰላም አሉኝ፤ እንደ ወትሮው ልጄ አላሉኝም።

ሰኞ፣ ግንቦት 11

ዝናብ። መብራት የለም። መመሪያውን ከፊት እስከ ኋላ አገላበጥኩ። ዘይት አለ፣ ነዳጅ አለ፣ ወተት አለ። ቀለም የለም። ለቀለም ማን ደንታ አለው?

አንድ ነገር ግን መጣልኝ። ሚዛን ብቻውን ውኃን አይለይም። መለኪያ ብቻውንም አይለይም። ሁለቱ ባንድ ላይ ግን ይለዩታል። ይህንንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ሰባተኛ ክፍል፣ እፍግታ። እኩል መጠን ያለው ነገር ከውኃ ምን ያህል ይከብዳል የሚለው። ውኃ ቢጨመርበት ቀለሙ ይቀልላል። ከት/ቤቱ ቤተ ሙከራ የመስታወት መለኪያ ተዋስኩ። ነገ ሁለቱንም ሱቁ ላይ እቀጥራለሁ። ሳይወዱ በግድ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12፤ ከሰዓት 9፡40

መጡ። ሰላምታ የለም። አንዱ በባንኮኒው ወዲያ፣ አንዱ ወዲህ፣ እኔ መሐል ከነመለኪያዬ።

መጀመሪያ ንጹሕ ውኃ፣ 100 ሚ.ሊ.። 100 ግ. መዘነ። ቀጥሎ ሐጂ ያልተከፈተ ጠርሙስ አመጡ፤ ማሸጊያውን መ/ር ራሳቸው በጣታቸው ዳስሰው ቀደዱት። 100 ሚ.ሊ.፣ 103 ግ.። ከዚያ ተከሳሹ፣ ከመደርደሪያው የተነሣው ትልቁ ጠርሙስ።  103 ግ.። እኩል! ጠብታ ውኃ የለውም። ጮህኩ መሰለኝ።

የመለኪያውን መስመር መ/ር እንዲያነቡት ሰጥቻቸው ነበር። ዳኛዋ አንቺ ነሽ፣ አንቺ አንብቢው ብለው መለሱልኝ። ልብ አላልኩትም።

መ/ር ግን ፊታቸው በራ። ስለዚህ መቶ ግራም ሲሸጥ ገዢው የሚያገኘው 97 ሚ.ሊ. ነው፣ ሦስቷ የት ሄደች አሉ። ሐጂ ነደዱ። መቶ ግራም አልኩ፣ መቶ ግራም ሰጠሁ አሉ። በአፍ መፍቻቸው በአዊኛ ክርክር ተጀመረ። ሁለቱም ሲናደዱ ወደ አዊኛ ነው የሚገቡት፤ አግዳሚዋ ላይም እንዲሁ ነበሩ። ደስ አለኝ፤ ታረቁ ብዬ ነበር።

ነገሩን ልዝጋ ብዬ ከቤት ያመጣሁትን አወጣሁ። ስምንተኛ ክፍል ከብዕሩ ጋር የተሰጠኝን የሽልማት ሰርተፍኬቴን፤ ስሜን እሳቸው የጻፉበትን፣ በዚያን ጊዜው የሐጂ ቀለም። ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ጥቁረቱ ዛሬ የደረቀ ይመስላል። መምህር፣ ከአሁኑ ጋር ያስተያዩት አልኩ።

ወደ በሩ ብርሃን ወሰዱት። አስጠጉት፣ አራቁት፣ አስጠጉት። ከዚያ አንገታቸውን ነቀነቁ። ይኼም ሳስቷል አሉ። ያኔም ውኃ ነበረበት ማለት ነው፣ እኔ ሞኙ!

 ሐጂ አዩኝ፣ እኔም አየኋቸው። ጠማማው አቤቱታ፣ መስመር ላይ የወጣው መስመር፣ መለኪያውን አንቺ አንብቢው ማለታቸው። ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ። 

ሐጂ ቀደሙኝ። ልክ ነህ ይስማው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ውኃ አድርጌበታለሁ አሉ። በለሰለሰ ድምፅ። መ/ር ሰርተፍኬቴን አጥፈው ሰጡኝና ወጡ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13፤ ጠዋት 2፡45

ቢሮ ሳይከፈት ሐጂ በር ላይ። ወረቀት ይዘዋል። ቀለሙ ላይ ውኃ ጨምሬአለሁ፣ ጥፋተኛ ነኝ ይላል፤ ፈርመውበታል።

ተናደድኩ። የሐሰት ወረቀት አልቀበልም አልኳቸው። ፈቃድ ይወጣል፣ ሱቁን ልጄ በስሙ ይከፍተዋል አሉኝ። ያ ሰው ግን ዓይኑ መጥፋቱን በሱቄ፣ በሰው ፊት አይሰማም አሉ። መጥፋቱን ማን ነገረዎት አልኩ፤ የዓይን ሞራ ከሆነ ይገፈፋል እኮ! ዝም ብለን ብናባብላቸው ነው የሚጠፋው። እናቴም ሞራዋን እንዲሁ ደብቃ ደብቃ በመጨረሻ ነው ለሐኪም ያሳየችው። አለቀስኩ፤ ቢሮ በር ላይ፣ ሰው እያየኝ።

ወረቀቱን ቀደድኩት። ሐጂ ቁርጥራጩን ለቅመው ኪሳቸው ከተቱት። አንቺ ንገሪው እንግዲያ አሉኝ። የመጀመሪያውን ውሸት የተናገርሽው አንቺ ነሽ ማለታቸው እንደሆነ ገብቶኛል፤ በአፋቸው አላሉትም እንጂ።

ዓርብ፣ ግንቦት 15፤ ከሰዓት 11፡30

ነገርኳቸው።

ትናንት በራቸው ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ዛሬ ገባሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ሳልዘገይ አወጣሁት። ሳሳ ብሏል ያልኩዎት ውሸቴን ነው፤ ጥቁር ነበር፤ አሁንም ጥቁር ነው። ሰርተፍኬቴም ጥቁር ነው። ዓይንዎን እንታይ።

 ናሙናውን አንስተው በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ ቀለም በጣት የሚታይ ይመስል። ኑሩ ያውቃል አሉ። አዎ አልኩ። ይኼኔ ነው የተቆጡት። በእኔ አይደለም፣ በሐጂ። አዘነልኝ ማለት ነው፣ አርባ ዓመት ተከራክረን አሁን ተሸነፍኩልህ ብሎ አዘነልኝ! አሉ። ውጪልኝ አሉኝ። እንዲህ ብለውኝ አያውቁም።

ባጃጅ ውስጥ ብዕሬ ቦርሳዬ ውስጥ ፈሰሰ። መታወቂያዬ፣ መሐረቤ፣ ሁሉም ጥቁር። ይኸው ማስረጃ፣ ሳስቷል የሚል ይምጣ!

ሰኞ፣ ግንቦት 18፤ ጠዋት 5፡10

ቢሮ ነኝ። አሁን መጥተው ሄዱ።

ከደረጃው ጀምሮ ጭቅጭቃቸው ይሰማ ነበር። መ/ር የሐጂን ክንድ ይዘዋል፤ እንዴት እንደታረቁ አልነገሩኝም። ሐጂ ስሪንጅ አረፋ ይይዛል ይላሉ፤ መ/ር እንደ ነርስ በጣትህ ንካው፣ ይወጣል ይላሉ። አለቃዬ ከክፍሉ ብቅ አለና ምንድነው አለ። ጭቅጭቁ ቀጠለ።

መ/ር አቤቱታዬን አነሳለሁ አሉ። ጻፊልኝ አሉኝ። በሸለሙኝ ብዕር፣ በሐጂ ቀለም ጻፍኩ። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ፈረሙ፤ ፊርማቸው ሦስተኛው መስመሬ ላይ ወጣ። አለቃዬ ይደገም ይላል፤ ይበል። አላስደግማቸውም።

የእኔ ውሳኔ፦ ቀለም በሚ.ሊ. ይሸጥ። በሦስቷ ሚ.ሊ. መ/ር ትክክል ናቸው። ሐጂ ስሪንጅ ይግዙ። ውኃ የለበትም፤ ፈቃዳቸው ዛሬ ይለቀቅ። የእኔ ምስክርነት ሐሰት ነበር ብዬም ፈርሜአለሁ። አለቃዬ ማስጠንቀቂያ ይጻፍብሻል አለ። ይጻፍ።

የሳምንት ማክሰኞ ሁለቱ ባ/ዳር ይሄዳሉ፣ ዓይን ሐኪም ጋ። ሐጂ ናቸው ቀጠሮ ያስያዙት። ሰርተፍኬቶቹን ከቅዳሜ ጀምሮ እኔ እጽፋለሁ፤ መ/ር አጠገቤ ተቀምጠው። ርእሰ መምህሩን እሳቸው ራሳቸው ናቸው ያስፈቀዱት፤ እጇ የእኔ እጅ ነው ብለው።

ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆሙ። ያ የጻፍሽው ጥቁር ነው ወይ አሉኝ። ጥቁር ነው መምህር አልኩ። ደግሞ እኔን ለማስደሰት ነው አሉ።  ቢያምኑኝ ነበር የሚገርመው። ወረቀቱን ለሐጂ ሰጠኋቸው። ሐጂ መነጽራቸውን አጥልቀው ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ ጊዜ ወስደው አዩት። ጥቁር ነው ይስማው፣ ወላሂ ጥቁር ነው አሉ።

መ/ር እጃቸውን ዘረጉ። ወረቀቱን ሳይሆን የሐጂን ክንድ ፈልገው ያዙ። እሽ፣ እንግዲያ ጥቁር ነው አሉ።