ኮምፒውተር ወይስ ኮንሶል ብለሽ ለጠየቅሺኝ

ሐሙስ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አንደኛው ቀን
ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ከሱቅ

ርቀሽም ቢሆን ቤቱን ለምታዥው ለልጄ እናት፣

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽን እንዳመመሽ ለልጃችን ለሚጡ ነግረሻት ከእኔ መደበቅሽን ሰምቻለሁ። ብንኳረፍም ያንቺ ሕመም ያመኛል፤ እባክሽ ደረጃ ስትወጪ ቀስ በይ።

ለልጃችን የጌም ኮምፒውተር ልላክ ወይስ ኮንሶል ብለሽ ጠይቀሽኛል። መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ለጊዜው ሁለቱንም አትላኪ። ምክንያቱን ከሥሩ እነግርሻለሁ፣ የራሴም ጥፋት አለበት። በሚጡ ስልክ ያልጻፍኩልሽ እዚያ የሚገባውን ሌላ ሰው ስለሚያነበው ነው። የእኔ ስልክ እንደሆነ ከመደወልና ከመቀበል ሌላ አያውቅም፤ ስደውልልሽም አታነሺም። የባልደረባሽ እኅት ዛሬ ከሰዓት ትበርራለች፣ ይህን ደብዳቤ ነገ እጅሽ ላይ ታደርሰዋለች። አራት ሰዓት ላይ አንድ ሰው ቀጥሬአለሁ፤ የምጽፍልሽ እሱን እየጠበቅሁ ነው።

ቃልሽን አክብሬ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሄጄ ነበር። ሻጯ ገና ልጅ ናት፤ «አባባ፣ ለልጅ ልጅዎ ነው?» ብላ ተቀበለችኝ። ጢሜን መላጨት እንደነበረብኝ ያን ጊዜ ገባኝ። ደግነቱ ትዕግሥት አላት። ኮንሶል ማለት ተገጥሞ ያለቀ ዕቃ ነው አለችኝ፤ ሳሎን ከቴሌቪዥኑ ጋር ይገናኛል፣ ልጅቷ ቤተሰቡ መሀል ተቀምጣ ትጫወታለች፣ ውስጡን የሚነካካው የለም። ኮምፒውተሩ ግን ይፈታል፣ ይገጠማል፣ ክፍሉ እየተቀየረ ያድጋል፣ ለትምህርትም ይሆናል፤ ካሜራና ማይክም አለው። መቼም ታውቂኛለሽ፣ ብሎን ያለው ነገር ሳይ አላስችል ይለኛል። ኮምፒውተሩ ይሁን ብዬ ልጽፍልሽ ወረቀት ሁሉ አውጥቼ ነበር።

አንቺም በደብዳቤሽ ወደዚያው አዘንብለሻል። የሚጡ የጨዋታ ጓደኛ እናት፣ ያቺ በስልክ እየጻፈችልሽ የምታዋይሽ ሴት፣ መክራሻለች፤ ኮምፒውተር ይሁን፣ ካሜራ ይኑረው፣ የራሷ ክፍል ይቀመጥ፣ የአባቷ ሞረድ እንዳይረብሻት በሩ ይዘጋ ብላ። ሞረዴን ከየት አወቀችው ብዬ ገርሞኝ ነበር። ሚጡ አውርታ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ አንድ ሰው ቁልፍ ሊያስቀርጽ ሱቄ መጣ። በእኔ ዕድሜ ይሆናል፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ ለስለስ ያለ ሰው ነው። ስልኩን አውጥቶ የቁልፍ ፎቶ አሳየኝ። ከቁልፉ ጎን ሳንቲም ተቀምጧል፤ በሳንቲሙ መጠን ቁልፉን መለካት ይቻላል ማለት ነው። ምን ዓይነት አዋቂ ደንበኛ ነው ብዬ አደነቅሁት። «ሦስት ቦታ ሄጄ ከፎቶ አይቀረጽም አሉኝ» አለ። «ከቻለ እሱ ብቻ ነው ብለው ወደ እርስዎ ላኩኝ፣ ጋሼ።»

ሥራውን ያስተማረኝ አለቃዬ አንድ ሕግ ነበረው፤ ሞረድ ከማንሳትህ በፊት የማን በር እንደሆነ ጠይቅ ይል ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ጠይቄአለሁ። ሰው ተቀይሞኝ የሄደበት ቀን አለ፣ የሰደበኝም አለ፣ እኔ ግን ጠይቄአለሁ። ያን ቀን ሳልጠይቅ ቀረሁ። ሙገሳው ልቤን አሳበጠው። ያልተቀረጸ ቁልፍ ሞርሳው ላይ አሰርኩና ጥርስ በጥርስ እየለካሁ በአርባ ደቂቃ ቀርጬ ሰጠሁት። አመስግኖ፣ እጄን በሁለት እጁ ጨብጦ ሄደ።

እራት ላይ ሚጡ ዳቦ ስትቆርስ እጇን አየሁት። አረንጓዴ የጥፍር ቀለም ተቀብታ የአውራ ጣቷ ግማሹ ተልጧል። በፎቶው ጠርዝ ላይም እንዲሁ ግማሹ የተላጠ አረንጓዴ ጥፍር ነበር። ሥራ ላይ ሆኜ አይቼዋለሁ፣ ግን ልብ አላልኩትም። ተነሥቼ የቤቱን ቁልፍ ከኪሴ አወጣሁ። ሦስተኛው ጥርስ ከልክ በላይ ጎድጉዷል፤ ቤቱ የገባን ሰሞን ስቀርጸው ሞረዱ አምልጦኝ አንቺ የሳቅሽብኝ እሱ ነው። ቀን ላይ ያንኑ ስህተት በጥንቃቄ ደግሜ ቀርጬዋለሁ። የገዛ ቤቴን ቁልፍ ለማላውቀው ሰው የሰጠሁት እኔ ነኝ።

በዚያው ምሽት የበሩን ቁልፍ ነቅዬ ሌላ ገጠምኩ። ሚጡን ሳልቆጣ ጠየቅኋት። ከጓደኛዋ ጋር «ኪስሽ ውስጥ ምን አለ» የሚባል ጨዋታ ይጫወታሉ፤ ያላትን መዳፏ ላይ አድርጋ ፎቶ ትልካለች፣ ጓደኛዋም ትልካለች። ሳንቲሙን ከቁልፉ ጎን እንድታደርግ ያለቻት ጓደኛዋ ናት፣ ያምራል ብላ። በጨዋታው ደረጃዋን ከፍ እንድታደርግላት የስልኳን አካውንት የይለፍ ቃል ሰጥታታለች። ፊቷን አይተሽ ታውቂያለሽ ብላት «ካሜራዋ ተበላሽቷል» አለችኝ። ድምፅዋንስ ብላት ማይኳም ተበላሽቷል። «አባዬ፣ ምን አጠፋሁ?» ስትለኝ ምንም አላጠፋሽም አልኳት፤ እውነቴንም ነው። ስለ ሜሞሪው፣ ስለ ስክሪኑ፣ ስለ ምኑም ስጠይቅ ስከርም ከማን ጋር ነው የምትጫወቺው ብዬ ልጄን አንድ ቀን አልጠየቅኋትም። «እሷ ታዳምጠኛለች» አለችኝ፣ ስለ ጓደኛዋ።

ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። መርማሪው «ምን ተሰረቀ?» አለኝ። ምንም አልኩት። «ማን ተጎዳ?» አለኝ። ማንም አልኩት። እንግዲያው ሰውየው ከተመለሰ ንገረኝ ብሎ ሸኘኝ።

ሰውየው ትናንት ተመለሰ። በጠራራ ፀሐይ፣ ያንኑ ፈገግታ ይዞ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ጋሼ፣ አልዞር አለኝ እኮ» አለ። ይገባሻል? ሞክሮታል ማለት ነው። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ የሰው ቁልፍ ስቀርጽ እሱ በራችን ላይ ቆሞ ነበር።

የማን በር ነው አልኩት፣ ስምንት ቀን ዘግይቼ። «የዘመድ ነው» አለ። «ባለቤቱ ቁልፉን ቀይሮት ይሆን እንዴ?» ብሎ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ሱቄን የመረጠው በአጋጣሚ ይሁን ሆን ብሎ እስካሁን አላወቅሁም። ትንሽ መሞረድ ይቀረዋል፣ ነገ አራት ሰዓት ና ብዬ ቁልፉን አስቀረሁ። እንደወጣ ወደ መርማሪው ሮጥኩ፤ በአራት ሰዓት ሲቪል የለበሰ ፖሊስ ፊት ለፊት ፀጉር ቤቱ ይቀመጣል ብሎኛል።

ሚጡ ከእኔ ጋር አይደለችም፣ አታስቢ። ከሰኞ ጀምሮ እኅቴ እትዬ ጋ ናት። ለእትዬ ቤቱን ቀለም ላስቀባ ነው ብዬ ዋሽቼ ነው የወሰድኳት። ስልኳን ስለቀማኋት አኩርፋኛለች፤ እሱ ግድ የለም፣ ትዳንና ዕድሜዋን ሙሉ ታኩርፈኝ።

አሁን አራት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ሲቪል የለበሰው ፀጉር ቤቱ ጋዜጣ ይዞ ተቀምጧል። ሰውየው አልመጣም።

አራት ሰዓት ተኩል። አሁንም የለም። የጠየቅሺኝ ሁሉ መመለሱን ላረጋግጥ ብዬ ደብዳቤሽን እንደገና አወጣሁት። የመጨረሻው ገጽ ጠርዝ ላይ ወረቀቱን አዙረሽ በደቃቁ የጻፍሺው አለ። የዕቃ ዋጋ መስሎኝ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳላነበው ኖሬአለሁ። «ከመግዛቴ በፊት ትሞክረው ብላ የጓደኛዋ እናት የራሳቸውን ኮምፒውተር ልታውሰን ነው። አንተ አላስገባም እንደምትል ስለማውቅ የእኅትህን አድራሻ ሰጥቻታለሁ። በአሥራ አንድ ጠዋት ወንድሟ ይዞት መጥቶ ይገጥምላታል» ይላል።

ዛሬ አሥራ አንድ ነው።

እትዬ ጋ አራት ጊዜ ደወልኩ። ይጠራል፣ አታነሣም፤ ጓሮ ስትሆን አይሰማትም። ሲቪል የለበሰውን ጠርቼዋለሁ፣ መኪናውን እያስነሣ ነው። ቀሪውን ቆሜ ነው የምጽፈው፣ ፀጉር አስተካካዩ ወስዶ ለመንገደኛዋ ይሰጥልኛል። ለዚያች ሴት ከእንግዲህ አንድ ቃል እንዳትጽፊላት። በእኔ ስልክ ደውዪ፣ ደጋግመሽ ደውዪ።

በአንቺ አልፈርድም፤ ቁልፉን የሰጠሁት እኔ፣ አድራሻውን የሰጠሽው አንቺ፣ ሁለታችንም ለልጃችን ደስታ ብለን ነው። ያለ አንቺ ማሳደግ እችላለሁ ያልኩሽ ግን ውሸቴን ነበር። ፈጣሪ ጉልበትሽን ይማርልሽ፣ ካለሽበት ይጠብቅሽ፣ ልጃችንን በሰላም ያቆይልን። እትዬን ታውቂያታለሽ፤ ዕቃ ተሸክሞ በሯ ላይ የቆመን ሰው ግባ፣ አረፍ በል ሳትል አትቀርም።

የሚጡ አባት