እጄን የሚያስታጥበኝ

እሑድ፣ ጥቅምት 21 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ጆሃንስበርግ

ዛሬ የሰላም ልደት ነው። ልጄን ኮሮና ከወሰዳት ወዲህ የመጀመሪያው መሆኑ ነው። ዝም ብሎ እንዲያልፍ ስላልፈለግሁ፣ በየዓመቱ ትወስደኝ ወደነበረው የአይሁዶች ምግብ ቤት ብቻዬን ሄድኩ። ማን እንዳረደው የማላውቀውን ሥጋ ስለማልበላ፣ ቤቱን ፈልጋ ያገኘችልኝ እሷ ነበረች። «እማዬ፣ እዚህ እንደ ኦሪቱ ነው የሚያርዱት፤ አትፍሪ» ብላኝ ነበር።

እንደገባሁ ወደ እጅ መታጠቢያው ሄድኩ። ባለሁለት እጀታው ኩባያ ውሃ ተሞልቶ ተቀምጧል። እጆቼን ዘርግቼ ቆምኩ። ሁልጊዜ የምታስታጥበኝ ሰላም ነበረች። ለካ እሷን እየጠበቅሁ ነው።

አንዲት በዕድሜ የገፉ ነጭ ሴት ማስክ አድርገው ከኋላዬ ተራ ይጠብቁ ነበር።

«እዚህ ሁሉም ለራሱ ነው የሚያፈሰው» አሉኝ። «እኔ ባሌ እስኪያስታጥበኝ ብጠብቅ ኖሮ ድሮ በረሃብ ሞቼ ነበር።»

እንዲህ ብለው ኩባያውን አነሱና አስታጠቡኝ፤ መጀመሪያ ቀኝ እጄን፣ ከዚያ ግራዬን። ሰው እንዲህ ከቀረበኝ ስንት ጊዜ ሆነኝ።

«ብቻሽን ነሽ?»

«ልጄ ትመጣለች» አልኳቸው። ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም።

አስተናጋጁም ሰምቶ ነው መሰል ጠረጴዛውን ለሁለት ሰው አዘጋጀው። ሾርባውን ጨረስኩ፤ ሥጋውን ግን ግማሹን ተውኩት። ሴትዮዋ ሲወጡ በእኔ በኩል አለፉና ፊት ለፊቴ ያለውን ንጹሕ ሳህን አዩት።

«የዘንድሮ ልጆች ማርፈድ ይወዳሉ» አሉኝ። «ስትመጣ በደንብ ተቆጪያት።»

«እሺ» አልኳቸው።