የግርማዬ ጣትና የባቡሩ ፉጨት

ማክሰኞ

«መቅለጥ አለበት» አለኝ ከድር። ሻይ ቀዝቅዟል እንደሚል ሰው፣ እንዲሁ ቀለል አርጎ! ምናለሽ ተራ ካሉት ቀጥቃጮች እጁ የሚታመነው እሱ ነው ቢሉኝ፣ ባቡሩን በነጠላ ጠቅልዬ፣ በዚያ ሁሉ ግፊያ እንደ ሕፃን ታቅፌ ሄጄ!

ባቡር ማለቴ ክንዴን የማታክል ናት። ልጄ ግርማ ነው ከአሮጌ ላምባ ምድጃ ሆድ የሠራት። ውሃ ይሞሏታል፣ ከሥሯ እሳት ያደርጉላታል፣ እንፋሎቱ ጎማዋን ያዞረዋል። ታፏጫለችም። አባቱ ወልዴ ድሮ የእውነቱ ባቡር ላይ ከሰል ወርዋሪ ስለነበር ለሱ ብሎ ነው። የቀበሌ አብዮት ጥበቃዎች ግርማን ከቤት የወሰዱት ጊዜ ቆመች፣ እንደቆመች ቀረች። ልጄ መገደሉን በሰው በሰው ሰማን፤ ሬሳ የሰጠን የለም።

ከድር አገላበጣት። «እማማ፣ ሆዷ የተበየደበት እርሳስ ተሰንጥቋል። እንዲህ ሆና ውሃ ቢፈላባት ትፈነዳለች። አሮጌውን አቅልጬ አዲስ ላፍስበት፣ ትሄዳለች። አለዚያ ወልወል አርገው ቁም ሳጥን ላይ ያስቀምጧት።»

«የቱን እርሳስ?»

አሳየኝ። እሱኑ ነበር የፈራሁት! እዚያ ላይ የግርማ አውራ ጣት አለ። ሲሠራት እርሳሱ ሳይበርድ ጫን ቢያደርገው እሪ አለ፣ ጣቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ሰነበተ፤ እኔም ስስቅበት ሰነበትኩ። ጣቱ የገባበት ጎድጎድ ብሎ እስከዛሬ አለ። መስመሩ ሳይቀር።

ከእጁ ነጥቄ ተመለስኩ።

ረቡዕ

ወልዴ ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ጆሮው ለብቻው ሰው ሆኗል። ትናንት ገና ከደጅ እያለሁ «ምን አለሽ?» አለኝ።

«አይሠራም አለ።»

«ቀጥቃጭ አይሠራም አይልም። ያልሽው አንቺ ነሽ።»

ምን ላርግ፣ ነገርኩት። «ታዲያ ይቅለጣ!» አይለኝም?

«የልጄን ጣት?»

«ጣቱ ዓይን ላለው ነው። እኔ ድምፁን ልስማ።»

«ድምፅ ካማረህ ሬድዮ ክፈት!» አልኩት። ይህን ምላሴን ቆርጦ የሚጥልልኝ ባገኝ! ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ዋለ። ዛሬም እንደዚያው።

ሐሙስ

መሠረተ ትምህርት ያስተማሩኝ ልጆች «በየቀኑ ካልጻፉ ፊደሉ ይጠፋዎታል» ብለውኛል። ዛሬ ግን ቢጠፋኝ ይሻል ነበር።

ጎረቤቴ ዘነበች «አስካለ፣ አንቺ ጣት አልሽ፣ እሱ ጆሮ አለ፣ አንድ ልጅ ለሁለት ልትካፈሉ ነው?» ብላ ሳቀች። ወዲያው ዓይኗ ሞላ።

ስትሄድ አንድ ብልሃት መጣልኝ። ጧፍ በእጄ አሽቼ አለሰለስኩና ጣቱ የገባበት ላይ ጫንኩት። እርሳሱ ቢቀልጥም ሰሙ ይቀርልኛል ብዬ። ሳነሳው የጣት ጫፍ ሆኖ ወጣ። የግርማ ጣት ጫፍ! ቢጫ፣ ቀዝቃዛ። ሬሳውን አልሰጡኝም ስል እኔው ሠራሁት። እሪ ልል አፌን ያዝኩ። ጨፍልቄ ምድጃ ውስጥ ጣልኩት።

ለካ ሳቅፈው የኖርኩት ይሄንን ነው።

ዓርብ

ወሰድኳት። ከድር እሳቱን ለኩሶ «እማማ፣ ይቅር?» አለኝ። ፊቴን አይቶ ነው።

«አንተ ሥራህን ሥራ!» ብዬ ጮህኩበት። ድስት የሚጠግኑት ሁሉ መዶሻቸውን አቆሙ። ዞሬ ቆምኩ። ሲቀልጥ አላየሁም። ሽታው ግን ደረሰኝ።

እሁድ

ከምሳ በኋላ ውሃ ሞላናት። እሳቱን እኔ ለኮስኩ። ወልዴ ጆሮውን አስጠግቶ «ቀንሺ፣ በዛ! ቆይ፣ ገና ነው!» እያለ ያዝዘኛል። ዓይን ለሌለው ሰው!

ጎማዋ ነቅነቅ አለ። ሽ… አለች፣ ሽ… ሽ… ከዚያ ዞረች። ወልዴ ዳብሶ ፉጨቷን ከፈተላት። ቀጭን ናት፣ ግን ሰፈሩን ሰነጠቀችው።

«ግርማዬ! ልጄን!» አለ ወልዴ፣ እሪታውን ለቀቀው።

ልጃችንን የገደሉብን ጊዜ ማልቀስ ክልክል ነበር። ትራስ ነክሰን ነው ያለቀስነው። ዛሬ እሱ ሲለቀው እኔን ማን ይያዘኝ! ደረቴን መታሁ። ጎረቤት በሩን ሞላው። ዘነበች ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነው የመጣችው። ማን ሞተ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው የለም። አንዱ መስኮት ሊዘጋ ብድግ ሲል ሌላው እጁን ይዞ አስቀመጠው። ቁጭ ብለው አብረውን አለቀሱ፣ ከዚያ ስለ ግርማ አወሩ። ስሙን ጮክ ብሎ የጠራው ሰው ብዛቱ!

አሁን ሄደዋል። ብየዳውን በጣቴ ዳሰስኩት፤ ልሙጥ ነው። እዚያ ላይ ልጄ የለም። አጥፍቼ ይሆን? ወልዴ ነገም እንድናፈላት ይፈልጋል።

ቀበሌ ካልጠራን እናፈላታለን።