አዞን በዱላ መጥራት ላሳዩን ኃላፊ

መጋቢት 14 ቀን 2005 ዓ.ም.
ለተከበሩ አቶ ደግፌ ዳልኬ
የሐይቅ ዳር መዝናኛና የእንግዶች መስተንግዶ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አርባ ምንጭ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎና ቤተሰብዎ በፍጹም ጤንነት እንዲገኙ፣ ሁለት እጅና ሁለት እግርዎም በየቦታቸው እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ። የእጅና የእግሩን ጉዳይ ለይቼ ማንሳቴ ለነገር ፍለጋ አይደለም፤ ከእርስዎ መሥሪያ ቤት ጋር ጉዳይ ያለው ሰው ጤና ሲመኝ በዝርዝር ቢመኝ እንደሚሻል ከታኅሣሥ ወዲህ ስለተማርን ነው።

እንደሚያስታውሱት በዚህች ከተማ ሠላሳ አንድ ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርኩ ጡረተኛ ነኝ፤ እርስዎንም አሥረኛ ክፍል ሳሉ አስተምሬዎታለሁ። ደብዳቤዬን በከተማችን በሁለቱም ክፍል፣ በሲቀላም በሴቻም የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ክብርዎን ለመንካት ሳይሆን፣ በመዝገብ ቤትዎ በኩል የገባ ወረቀት ሰው ተወልዶ እስኪሞት ድረስ እዚያው እንደሚተኛ ስላየሁ፣ ይኼኛው ፀሐይ ላይ ቢያረጅ ይሻለዋል ብዬ ነው።

አስቀድሜ ምስጋናዬን ላቅርብ። ከእርስዎ በፊት አዞ ለማየት የሚመጣ እንግዳ ጀልባ ተሳፍሮ፣ ጫሞን አቋርጦ፣ አዞዎቹ ፀሐይ እስከሚሞቁበት አሸዋ ድረስ መሄድ ነበረበት። እርስዎ ግን ጫማው ለሚረጥብበት እንግዳ አዝነው፣ አዞው ራሱ ወደ እንግዳው ይምጣ በማለት፣ ዓሣ አስጋሪዎች ጀልባቸውን በሚያስጠጉበት ዳርቻ ላይ የእንጨት ማማ አሠሩ፤ ወንበር ደረደሩ፤ ጥላ ዘረጉ፤ «ከሰዓት በኋላን ከአዞ ጋር» የሚል ሰሌዳም ሰቀሉ። ቅዳሜና እሑድ በአሥር ሰዓት አንድ ሠራተኛዎ ውሃውን በረጅም ዱላ ሦስት ጊዜ ይመታና የዓሣ ጭንቅላትና የፍየል ሆድ ዕቃ ይወረውራል። በሁለተኛው ወር፣ ገና ምንም ሳይወረወር፣ በዱላው ድምፅ ብቻ አዞዎቹ ተግተልትለው መምጣት ጀመሩ። እንግዶች አጨበጨቡ። እኔም፣ አልዋሽዎትም፣ አጨብጭቤያለሁ።

አሁን፣ መዝናኛዎን በማደፍረሴ ከታላቅ ይቅርታ ጋር፣ ወደ ቅሬታዎቼ እገባለሁ።

1ኛ. ስለ ዱላው። ክቡርነትዎ የሐይቅ ዳር ልጅ ስለሆኑ ይህን ለእርስዎ መንገር ድፍረት ነው፤ ምናልባት ሥራ በዝቶብዎት ረስተውት ከሆነ ግን ላስታውስዎ። የጫሞ ዓሣ አስጋሪ መረቡን ከዘረጋ በኋላ በጀልባው እየዞረ ውሃውን በዱላ ይደበድባል። ዓሣው ደንግጦ ወደ መረቡ ይገባል፤ አዞውም ጫጫታውን ሸሽቶ ገለል ይላል። ከቤቴ ጀርባ ይኖር የነበረው ጉታ ይህን ከአባቱ፣ አባቱም ከአባቱ ተምረውታል። ያ ድምፅ በዚያ ውሃ ላይ ለስንት ትውልድ «ሂድ» ማለት ነበር። እርስዎ በሁለት ወር ውስጥ «ና፣ ምግብ ቀርቧል» አሰኙት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል በእኛ አገር።

2ኛ. ስለ ማመልከቻው። ጉታ ነገሩ ገብቶት ኅዳር ላይ ቆቡን በእጁ ይዞ ቢሮዎ መጣ። በጽሑፍ ይዘህ ና ተባለ። እሱ መጻፍ ስለማይችል ወደ እኔ መጣና እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ አዞ ድሮ ዱላ ሲሰማ ይሄዳል። አሁን ሲሰማ ይመጣል። ፊታችንን አያይም፣ እጃችንን ነው የሚያይ። ይህን ጻፍልኝ።» ጻፍኩለት። እኔ ሦስት ገጽ አደረግኩት እንጂ እሱ የነገረኝ ይበቃ ነበር። ሠራተኛዎ ተቀብሎ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ ማኅተም አሳርፎ አስቀመጠው፤ ለማኅተሙ ጥራት ምስጋናዬ ይድረሰው።

3ኛ. ስለ ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 20። ያን ዕለት ገናን ለማክበር የመጡ እንግዶች ማማውን ሞልተውት ነበር። እኔንም በክብር ጋብዘውኝ ከአጠገብዎ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ ሠራተኛዎ ዱላውን ገና አላነሳም። ከማማው ሦስት መቶ እርምጃ ያህል ርቀው፣ በየዓመቱ መረባቸውን በሚዘረጉበት ቦታ፣ ጉታና የሚስቱ ወንድም ሸዋንዳኝ በጀልባቸው ላይ ነበሩ። መረቡ ተዘርግቶ ስላለቀ ጉታ ውሃውን መምታት ጀመረ። ከእግራችን ሥር ይጠብቁ የነበሩት አዞዎች ፊታቸውን አዙረው ሄዱ።

ትልቁ የጀልባዋን ጎን በጭራው መታው። ጉታ ተንገዳግዶ ሳይወድቅ ቀኝ ክንዱን ከነዱላው ያዘውና ወደ ውሃው ጎተተው። አጥንቱ ሲሰበር ማማው ላይ ሆነን ሰማነው። አገላበጠው፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፤ በሦስተኛው ክንዱ ከትከሻው ተገነጠለ። ጉታ ብቅ ብሎ በቀረችው እጁ የጀልባዋን ጠርዝ ያዘና ሚስቱን ጠራ፤ «ሻሺቱ» አለ፣ ሁለት ጊዜ። ሸዋንዳኝ ሊያድነው ሌላውን ዱላ አንሥቶ የአዞውን ጭንቅላት፣ ውሃውን፣ ያገኘውን ሁሉ ደበደበ። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ እባክዎ ቀስ ብለው ያንብቡ፦ ሸዋንዳኝ በመታ ቁጥር ሌሎቹ መጡ። አራት ሆኑ፤ ሰባት ሆኑ። እሱ ለማዳን በመታ ቁጥር እነሱ የምግብ ጥሪ ሰሙ። ከጠርዙ ላይ ላጡት፤ አንዱ ከወገቡ፣ አንዱ ከእግሩ ይዘው እየተጓተቱ ተከፋፈሉት። ውሃው ቀላ። ሸዋንዳኝ ሦስት ጣቶቹን እዚያው ትቶ ወጣ። ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት እንግዶች ፕሮግራሙ የተጀመረ መስሏቸው አጨበጨቡ፤ አልፈርድባቸውም፣ ሰሌዳው የሚላቸው እንደዚያ ነው። እርስዎም ብድግ ብለው «ፕሮግራማችን ለጊዜው ተቋርጧል» በማለት በጣም በጨዋ ድምፅ አስታወቁ።

በማግሥቱ የቀበርነው ከደረቱ በላይ ያለውን ነው፤ እሱም ሙሉ አልነበረም። ሻሺቱ ሳጥኑን ልንካው ብላ አንዱን ጫፍ ከፍ አደረገችና «ባሌ እንዲህ ቀላል ሰው አይደለም፤ የቀረውን አምጡልኝ» አለች።

4ኛ. ስለ መልስዎ። ጉታ ከተቀበረ ከአሥራ ሦስት ቀን በኋላ ከጽሕፈት ቤትዎ በስሙ ደብዳቤ ደረሰው። ማመልከቻው በመልካም ጎኑ እንደታየና ለተጨማሪ ማብራሪያ በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ራሱ በአካል እንዲቀርብ ይላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢባልም፣ ውሻ እንኳ የተበላውን ሰው ስም ጠርቶ አይጮኽም። ለሻሺቱ ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ትእዛዝዎን እንዳንጥስ፣ ሰውየውን ከየትኛው የሐይቁ ዳር ሰብስበን እናቅርብልዎ?

5ኛ. ስለ ጥንቃቄዎ። በአራተኛው ሳምንት ምግቡ እንደገና ተጀመረ። ማማው ላይ «ዓሣ አስጋሪዎች ለእንግዶች ደኅንነት ሲባል ወደዚህ እንዳይጠጉ» የሚል አዲስ ሰሌዳ ተሰቀለ፤ ሟቹም «በራሱ የጥንቃቄ ጉድለት» እንደሞተ በስብሰባ ላይ ገለጹ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው። ይባስ ብሎ ለፋሲካ ሁለተኛ ማማ እንደሚሠራና ምግቡም በየቀኑ እንደሚሆን ሰማን። ሠላሳ ስድስት አባወራ መረቡን ጣራው ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል። ሸዋንዳኝ ግን ከእንግዲህ አልቀመጥም ብሏል፤ የራሱን ልጆችና የእህቱን ልጆች ይዞ በሰባት ጣት ወደ ውሃው ሊመለስ ነው። ዱላውን ካላነሳ ዓሣ የለም። ካነሳ ደግሞ ምን እንደሚመጣ እርስዎም እኔም ከፊተኛው ወንበር ላይ አይተናል። የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ምግቡን ያቁሙ፤ ከፋሲካ በኋላ ሳይሆን ዛሬ።

6ኛ. ስለ እኔ። ይህን ቅሬታ በራሴ ላይ የማቀርበው ነው። ዶሮዎቹን ያስታውሳሉ? በትምህርት ቤቱ ጓሮ ጣሳ እየመታን እህል ስንሰጣቸው ቆይተን፣ ኋላ በጣሳው ድምፅ ብቻ ሲሮጡ ያየን ጊዜ ከሁሉ በላይ የተደሰቱት እርስዎ ነበሩ። አምና ቢሮዎ ጠርተው፣ ለስላሳ ጋብዘው፣ «መምህር፣ በአዞም ይሠራል?» ሲሉኝ ተማሪዬ አልረሳኝም ብዬ ልቤ በኩራት አበጠና ይሠራል አልኩዎት። በምን ድምፅ ቢሉኝ፣ ዱላ ይበቃል ያልኩትም እኔ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የጉታን ዓሣ በልቻለሁ፤ እንዴት እንደሚያሰግረው አውቅ ነበር፤ አላሰብኩትም። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። ስለዚህ ይህ ነገር አንድ ቀን የሚጠየቅበት መዝገብ ከተከፈተ ስሜ ከስምዎ በላይ ይጻፍ፤ በዕድሜም እበልጥዎታለሁ።

ለማማው፣ ለጥላው፣ ለወንበሩ፣ ለማኅተሙና በጨዋ ድምፅ ለተናገሩት ሁሉ በድጋሚ እያመሰገንኩ፣ መንበርዎ ከውሃ የራቀ፣ ዘመንዎ የረዘመ፣ ከቁርጭምጭሚትዎ በላይ የሚደርስ እርጥበትም በሕይወትዎ የማይነካዎ ይሆን ዘንድ እጅ ነሥቼ እለምናለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥና የቀድሞ መምህር፣
ጥዑመልሳን ገብረእግዚአብሔር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደግፌ፣ ይኼኛው ለኃላፊው ሳይሆን ለተማሪዬ ነው። ከዶሮዎቹ ትምህርት በኋላ እጅህን አውጥተህ «የለመደ እንስሳ እንዴት ይረሳል?» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ድምፁ በየቀኑ ይሰማ፣ ምግቡ ግን አይምጣ፤ ያን ጊዜ ይረሳል አልኩህ። ዶሮዎቹ አሥራ አንድ ቀን ፈጅቶባቸዋል፤ አዞ ስንት እንደሚፈጅበት አላውቅም። እስኪረሱ ድረስ አንድ ሰው ጉታ በነበረበት ቦታ፣ ጀልባ ላይ ሆኖ ውሃውን መምታትና ምንም አለመስጠት አለበት። ዓሣ አስጋሪዎቹ ድርሻቸውን ሰጥተዋል። የፊታችን ሰኞ ጠዋት በአንድ ሰዓት እኔ እጀምራለሁ፤ ሸዋንዳኝ ጀልባውን አውሶኛል፣ አብሬህ ልውጣ ቢለኝም እንቢ ብዬዋለሁ። ከዚያ በኋላ ከማማህ ላይ አንዲት የዓሣ ጭንቅላት ብትወረውር እኔን እንደወረወርክ ቁጠረው። ጀልባዋ ሁለት ሰው ትይዛለች፤ ዱላም ሁለት አዘጋጅቻለሁ። ያኔ ከመቶ ዘጠና ስምንት የሰጠሁህ ተማሪ ነህና ፊተኛውን ቦታ ለአንተ ትቼልሃለሁ።