በመድረክ ላይ ስለተወረሰው ቤቴ

ነሐሴ 18 ቀን 1975 ዓ.ም.
ልደታ፣ አዲስ አበባ

ለተከበሩ የቀበሌያችን የኪነት ቡድን ሊቀመንበር ለጓድ ሚደቅሳ፤

እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ፣ እንዲሁም ከአጠገብዎ የማይጠፉት ጓዶች ሁሉ ጤናችሁ እንደምን ከርሟል? ክረምቱስ እንደምን ይዟችኋል? እኔ ከጉልበቴ ሕመም በቀር ደህና ነኝ። ፈጣሪ ይመስገን ልል ነበር፤ በዘመኑ አነጋገር ማን እንደሚመሰገን ስላልተነገረኝ ለጊዜው እርስዎ ይመስገኑ።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በራሴ እጅ ነው። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ስቆጥር ስልሳ ዓመት አልፎኝ ነበር፤ የምስክር ወረቀቴን የሰጡኝም እርስዎ ነዎት። «አባባ ወልደገብርኤል፣ ከእንግዲህ ችግርዎን ራስዎ መጻፍ ይችላሉ» ብለውኝ ነበር። ይኸው ጻፍኩ። የተፈረደብኝ በሕዝብ ፊት ስለሆነ፣ ደብዳቤውም በአዳራሹ በር ላይ እንዲለጠፍልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ለአብዮት በዓል በምናሳየው ቴአትር፣ ማንም ተዋናይ የያዘውን ድርሻ ትቶ የፈለገውን እንዲይዝ፣ በየሳምንቱም እንደልቡ እንዲቀያየር ፈቅደዋል። «በእኩልነት ዘመን አንዱ ሁልጊዜ ጀግና፣ አንዱ ሁልጊዜ ባላባት አይሆንም» ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔም አጨብጭቤያለሁ። ከዚህ ፈቃድዎ ያገኘነውን ጥቅም ከምስጋና ጋር እዘረዝራለሁ።

1ኛ/ ሁሉም ጀግና መሆን ይወዳል። አንድ እሁድ አምስት አብዮተኛና ሦስት ዳኛ ተሰልፈው የሚበደል ጭሰኛ ጠፋ። አብዮተኞቹ ነጻ የሚያወጡት ሰው አጥተው እርስ በርስ ሲገፋፉ የእንጨቱ ጠመንጃ ተሰበረ።

2ኛ/ ባላባት የሚሆን ግን ጠፍቶ አያውቅም፤ እኔ አለሁ። ልደታ ማርያም አስቀድሼ፣ በዚህ ጉልበቴ እየተጎተትኩ ስደርስ ሌላው ድርሻ ሁሉ አልቋል። አንድ ቀን ዳኛ ልሁን ብዬ ብጠይቅ «አባባ፣ ፊትዎ ራሱ ለባላባት ነው የተሠራው» ተብሎ ተሳቀብኝ። ስለዚህ እንደልብ መቀያየር ማለት፣ ሌላው ሲቀያየር እኔ መደብደቤ መሆኑን ተምሬያለሁ። ዕድሜዬን በሙሉ የሰው ቤት ስገነባ የኖርኩ ግንበኛ ነኝ። ዛሬ ቀበሌ ሱቅ ስሰለፍ «ባላባቱ መጡ፣ ስኳሩን ደብቁ!» እየተባለ ይጮህብኛል። ጎረቤቴ መርየም ብቻ «እሳቸው ባላባት ከሆኑ እኔ ንግሥት ነኛ!» ብላ ሰልፉን ሁሉ ተቆጣችልኝ። እሷንም እንዳያስከስሷት እለምናለሁ።

3ኛ/ ዋናው ይህ ነው። ድርሻው በየሳምንቱ ስለሚቀያየር ቃሉን የሚያጠና የለም። ባለፈው እሁድ ከሳሽ ሆኖ የወጣው ልብስ ሰፊው ፍሰሐ፣ ከዚያ በፊት በነበረው እሁድ ዘበኛ ነበር። በድርሰቱ «ይህ ሰው አርባ ጋሻ መሬት ነበረው» የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ቃሉ ጠፋው። ላብ አጠመቀው፤ እኔም አዘንኩለት። ዞር ብሎ አየኝና አፉ ላይ የመጣለትን ተናገረ፦ «ይህ ሰው ብቻውን እየኖረ ሁለት ክፍል ይዟል! አብነት ሰፈር፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ!»

ጓድ ሊቀመንበር፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለው የእኔ የወልደገብርኤል ቤት ነው እንጂ የባላባቱ አይደለም። ልምምዱን ሊያይ የተሰበሰበው ሕዝብ «ይወረስ!» ብሎ ጮኸ። በዚያ ቀን ዳኛ የነበረው ጓድ ገረሱ ጠረጴዛውን መትቶ «ተወርሷል» አለ። ጓድ ገረሱ ከመድረክ ሲወርድ የቤት ጉዳይ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ያንን ድርሻ ሲቀይር ግን አይቼው አላውቅም።

ማክሰኞ ሁለት ሰዎች ሜትር ይዘው መጥተው አንዱን ክፍል ለኩ። «ሕዝብ የወሰነው ነው» አሉኝ። «ቴአትር ነበር እኮ» ብላቸው፣ «ሕዝቡ ግን የእውነት ነው» አሉኝ።

ያቺን ክፍል የሠራኋት የባለቤቴ የጠጅቱ ሳል ሲጠና፣ ከማድቤቱ ጭስ እንድትርቅልኝ ብዬ ነው። ቀን የሰው ቤት ስገነባ ውዬ፣ ማታ ማታ አንድ አንድ ረድፍ ድንጋይ እየደረደርኩ ጨረስኳት። ጠጅቱ እዚያው ዐረፈች። አልጋዋም እንደተነጠፈ ነው። እኔ እዚያ አልተኛም፤ ጠዋት ገብቼ መስኮቱን እከፍታለሁ፣ ሲመሽ እዘጋለሁ። ኮሚቴው «አገልግሎት የማይሰጥ ክፍል» ብሎ መዝግቦታል። ምን ያድርጉ፣ ሜትር ይዞ የመጣ ሰው ከዚህ በላይ ምን ያያል?

4ኛ/ የምለምነው አጭር ነው። ሰው የያዘውን ድርሻ ይዞ ይቆይ፤ ቃሉንም ያጥና። በመድረክ የተፈረደውም እዚያው መድረክ ላይ ይቅር። ይህ ከሆነልኝ በየዓመቱ ባላባት ልሁን፤ ይስደቡኝ፣ ይጎትቱኝ፣ አንዲት ቃል አልተነፍስም። ክፍሏን ብቻ ይተዉልኝ።

ለኪነት ዕድገት ሲሉ የራስዎን ጊዜና የእኔን ቤት ሳይሰስቱ መስጠትዎን እያደነቅሁ፣ ከወንበርዎ የሚያነቃንቅዎ እንዳይመጣ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ቃሉን አጥንቶ የሚመጣው ብቸኛው ተዋናይዎ፣
ግንበኛ ወልደገብርኤል ሸዋዓለም

ማስታወሻ፦ ክፍሏን ሊረከብ የሚመጣው ጓድ በዚያን ቀን ዳኛ ይሁን፣ ዘበኛ ይሁን፣ አብዮተኛ ይሁን አስቀድሞ ያስታውቀኝ፤ እንደ ማዕረጉ እንድቀበለው። በሩ ላይ ወንበር አውጥቼ ተቀምጬ ያገኘኛል። የእኔን ድርሻ ግን ከአሁኑ ይወቁልኝ፦ እዚያ የጠጅቱ ባል ነኝ፤ ይህንን ከማንም ጋር አልቀያየርም።