ለእማ አሳስቼ ያነበብሁላት ወረቀት

ውድ ወንድምዓለሜ ረመዳን፤ አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንደምን ነው? ያ ወገብህን የሚይዝህ ሕመም ለቀቀህ ወይ? ሳዲያስ እንዴት ናት? ትንሿ ልጃችሁ መሄድ ጀመረች ወይ? ወደ ጂግጂጋ ከራቃችሁ ወዲህ ዓይናችሁ ናፍቆኛል። እኔ በአላህ ፈቃድ ቆሜ እሄዳለሁ። ስለ እናታችን ግን የምጽፍልህ ከባድ ነገር አለ። በስልክ ስትደውል እሷ አጠገቤ ተኝታ ትሰማለች፤ እኔም ገና አፌን ስከፍት ልቅሶ ይቀድመኛል። ስለዚህ በወረቀት ልንገርህ።

አባታችን ሞቶ ከስምንተኛ ክፍል ከቀረሁ ወዲህ እንግሊዝኛ ለብቻዬ እንደምማር ታውቃለህ። በምሠራበት ሎጅ ውስጥ አንሶላ እያጠብሁ፣ ገመድ ላይ እያሰጣሁ በየቀኑ አሥር ቃል እይዛለሁ። ትተህልኝ የሄድኸው መዝገበ ቃላት ሽፋኑ ተገንጥሎ በመርፌና በክር ሰፍቼዋለሁ። አነጋገሩን ከስልኬ እየሰማሁ ብቻዬን ስለፈልፍ አብረውኝ የሚሠሩት ሴቶች ይስቁብኝ ነበር። ማንበቡ ግን ሆነልኝ። እማ እዚያ ሐይቁ ዳር ቤታችን ደልጊ ላይ ለጎረቤቱ ሁሉ "የኔ ጦይባ የፈረንጅ ጽሑፍ ታነባለች" እያለች ስታወራ ከርማለች። የሰው የመድኃኒት ካርቶን ሳይቀር እየለመነች ታስነብበኝ ነበር።

ሰኔ ላይ ጡቷ ሥር እብጠት አግኝታ ታናሻችን አብዱልመጂድ በጀልባ ባሕር ዳር አመጣልኝ። ሆስፒታል ከእብጠቱ ናሙና ተወሰደላት። ውጤቱን ሰጥተውን ሐኪሙ እስኪጠራን አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። እማ ፖስታውን ከእጄ ወስዳ ከፈተችና "በይ አንብቢልኝ፤ አንቺ እያለሽልኝ ምን ሐኪም ያስጠብቀናል?" አለች።

አነበብሁት። ረመዳን፣ ሁሉም ገባኝ። አንዲት ቃል ብቻ ብጠራጠር መዝገበ ቃላቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ አየሁ፤ ካንሰር ማለት ነበር። እማ ፊት ፊቴን እያየች ትጠብቃለች። "ተራ እብጠት ነው ይላል" አልኋት። "አልሐምዱሊላህ! እሰይ የኔ ልጅ!" ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። አጠገባችን ለተቀመጡት ሴትዮ ሳይቀር ነገረቻቸው።

ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ "ሳይሰራጭ ቶሎ ኦፕራሲዮን ትሁን፤ ሕመሟንም ንገሪያት" አለኝ። እኔ ኦፕራሲዮኑን ብቻ ነገርኋት። "ለተራ እብጠት ገላዬን አላስነካም። አንቺው ራስሽ አንብበሽልኝ የለ?" ብላ በማግስቱ ደልጊ ገባች። ነገ እነግራታለሁ፣ ከነገ ወዲያ እነግራታለሁ ስል ሦስት ወር አለፈ።

መስከረም መጨረሻ ላይ አብዱልመጂድ ደውሎ ክንዷ አብጦ መተኛት እንዳቃታት ነገረኝ። ወረቀቱን ይዤ ደልጊ ሄድሁና እግሯ ሥር ተቀምጬ እውነቱን አወጣሁላት። ብትቆጣኝ፣ ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን "እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። አንቺን አምኜ ነው የተቀመጥሁት" አለች። ወረቀቱንም እያመለከተች "አሁን ሳትደብቂ አንብቢው" አለችኝ። መጀመሪያ በእንግሊዝኛው፣ ከዚያ በአማርኛ፣ አንድ ቃል ሳልዘል አነበብሁላት። ካንሰር የሚለው ላይ ስደርስ እጄን ያዘችኝ፤ እስክጨርስ አልለቀቀችኝም።

ይዣት ተመለስሁ። ሐኪሙ ግን ጊዜው አልፏል፣ ከእንግዲህ የምንሰጣት ማስታገሻ ብቻ ነው አለ። ያን ቀን ብነግራት ትድን እንደሆነ የሚያውቅ አላህ ነው። እሷ ይቅር ብየሻለሁ ብላኛለች። ከአንተ ይቅርታ ለመጠየቅ አልደፈርሁም። የምለምንህ አንድ ነገር ነው፤ ለኢድ እመጣለሁ ያልኸውን ተወውና አሁን ተነሥ። እህል መቅመስ ካቆመች ስድስት ቀኗ ነው።

ለሳዲያ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ትንሿን ሁለት ጉንጯን ሳሙልኝ። አብዱልመጂድ የዓሣ መረቡን ትቶ እዚሁ ከእኛ ጋር ነው፤ ሰላም ይልሃል። እማም ብዙ ብዙ ሰላም ብላሃለች። ይህን ስጽፍ አይታ "ልጁ መንገድ ላይ እንዳይደነግጥብኝ ተሽሏታል በይው" አለችኝ። እሺ አላልኋትም።

እህትህ ጦይባ
ባሕር ዳር፤ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.